የድሬ ሰማይ ሲሙሌተር፦ አቅማችን ስድስት አውሮፕላን ነው፤ የትኞቹ ይግቡ?

የከዚራ ልጅ
ሐሙስ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ የምንሰበሰብ አራት ጓደኛሞች ነን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፍላይትጊር ላይ የምሥራቁን ሰማይ እየሠራን ነው። ለማያውቀው፣ ፍላይትጊር በነጻ የሚወርድ የበረራ ሲሙሌተር ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም የራሱን አውሮፕላንና ካርታ ሊጨምርበት ይችላል። የእኛ ካርታ ከድሬዳዋ ተነስቶ ጅጅጋ ደርሷል። ደንገጎ አለ፣ ሐረር አለች፣ ካራማራ ቆሟል። የደቻቱ አሸዋ ቀለሙ ገና ነው እንጂ ከላይ ስትታይ ድሬ ራሷን ትመስላለች።

የቀረን ዋናው ነገር ነው፤ አውሮፕላኖቹ። ሞዴል የሚሠራልን አንድ ልጅ ብቻ ነው። አንድ ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪውን ክፍል፣ እስከ መጨረሻዋ ማብሪያ ድረስ ለመሥራት አራት ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ስድስት ብለን ቆርጠናል። ከዚያ በላይ ከተመኘን አንዱንም አንጨርስም።

ዘመኑ የሶማሊያ ወረራ ነው። ከሐምሌ 1969 ጀምሮ ጅጅጋ ነጻ እስከወጣችበት እስከ የካቲት 26 ቀን 1970። የኔ ዝርዝር ይኸው፦ ኤፍ-5ኢ፣ ኤፍ-5ኤ፣ ኤፍ-86 ሴበር፣ ካንቤራ ቦምብ ጣይ፣ ሚግ-21 እና ሚግ-17። ሁለቱን የሶማሊያ ሚጎች ኮምፒውተሩ ብቻ እንዲያበራቸው ነው ያሰብኩት። ተጫዋቹ አይቀመጥባቸውም።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ከዚራ ያለችው አያቴ አውሮፕላን ትቆጥራለች። በዚያ ዘመን ጠዋት ስንት እንደተነሱ፣ ኋላ ስንት እንደተመለሱ ግቢ ውስጥ ቆማ ትቆጥር ነበር። ዛሬም የአዲስ አበባው በረራ ሲመጣ ስኒዋን አስቀምጣ ቀና ትላለች። ድምፁ ወርዶ ሲያርፍ «ተመለሰ» ትላለች። ይህን ሰማይ በትክክል መሥራት የምፈልገው ለእሷ ነው። የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ።


ጆይስቲክ
ሐሙስ ማታ 3:40

በጣም አሪፍ ሥራ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ሲሙሌተር ላይ አሥር ዓመት አለኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልናገር።

ሴበርን አውጡት። ሴበር ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በጊዜው ምርጥ ነበር። አራቱ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ድረስ ዘምተዋል። ኮንጎን ብትሠሩ ኖሮ ሴበርን የሚነካው አልነበረም። በ1969 ግን የድሬ ሰማይ የኤፍ-5 ነው።

ሌላው፣ «ሚግ-21» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛው ሚግ-21? ሶማሊያ የነበራት ኤምኤፍ የሚባለው ነው። ዲሲኤስ በሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ላይ የሚሸጠው ቢስ የሚባለው ነው፤ እሱ ኋላ የመጣ፣ ሞተሩም የበለጠ ጉልበት ያለው ነው። ብዙ ሰው የቢስን አበራር ወስዶ ለኤምኤፍ ይሰጠዋል። ያኔ ውጊያው ሁሉ ይዛባል።

መሣሪያውም ላይ እንዲሁ። ኤምኤፍ ሆዱ ሥር መንታ አፈሙዝ ያለው ባለ 23 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። ጥይቱ 200 ነው። ጣትህን ከቃታው ካላነሳህ ሦስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ያልቃል። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። ለእያንዳንዱ 280 ጥይት ይገባለታል። ይህ ወደ 11 ሰከንድ ነው። በአየር ውጊያ 11 ሰከንድ ሀብት ነው። ተጫዋቹ ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግረው በጣቱ ሊያውቀው ይገባል።

ደግሞ ሐረር ካርታው ላይ ካለች ሐረር ሜዳ አየር ምድብንም አብራችሁ አስገቡ።


ጀጎል
ዓርብ ጠዋት 1:20

ጆይስቲክ ወንድሜ፣ ሐረር ሜዳ ሐረር አይደለም። ቢሾፍቱ ነው ያለው። ስሙን ሰምቶ እኛ ዘንድ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ሐረር ራሷ የጦር አየር ምድብ አልነበራትም። የእኛ አየር ምድብ ድሬ ነው። በቀጥታ ከለካህ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጄት ሦስት ደቂቃ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ስለ ዘመኑ ቅሬታ አለኝ። የሐረር ሽማግሌዎች ስለ አውሮፕላን ሲያወሩ ከ1969 አይጀምሩም። መጋቢት 20 ቀን 1928 ነው የሚጀምሩት። በዚያ ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቧት። ሐረር ጦር የማይሰፍርባት ክፍት ከተማ ተብላ ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ሆስፒታሎች እንኳ አልተረፉም። ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ከቤቱ ይሰማዋል።

በዚያ ጊዜ በእኛ በኩል ምን ይበር ነበር? ፖቴዝ 25። የፈረንሳይ ሥራ፣ ክንፉ ድርብ፣ ኮክፒቱ ክፍት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 በኢትዮጵያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው አውሮፕላንም ይኸው ፖቴዝ ነው። ጣልያን ሲመጣ የነበሩን አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሥራቸው ተላላኪነት ነበር፤ ሰውና ደብዳቤ ይዘው ወደ ግንባር ይመላለሳሉ። ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ይሠራ የነበረው ይህንን ነው። የሚያሳድደው ተዋጊ ከመጣበት መተኮስ አይችልም። ዝቅ ብሎ፣ ሸለቆ ለሸለቆ፣ ተራራውን ተከልሎ ማምለጥ ነው። እስኪ አስቡት፣ በሲሙሌተር ውስጥ ከዚህ በላይ አብራሪነትን የሚፈትን ምን አለ?

ሁለቱን ዘመናት የሚያያይዝ ሰው ደግሞ አለ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበር ነበር። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አየር ኃይላችንን ያቋቋመው እሱ ነው። የሞተው የት ነው? ጎዴ። ሐምሌ 6 ቀን 1969፣ በሶማሊያ ጥቃት። የእናንተ ታሪክ የሚጀምርበት ሳምንት ማለት ነው።

ካፕሮኒ የሚባለውን የጣልያን ቦምብ ጣይ እንድትሠሩ አልጠይቅም። እሱ ላይ ተቀምጦ ሐረርን ማየት የሚፈልግ ሐረሬ የለም። ሰማይ ላይ ይታይ፣ ይበቃል። ፖቴዝ ግን ይግባ።


ሳቢያን ሞዴል
ዓርብ ቀን 6:50

ሞዴሉን የምሠራው ልጅ እኔ ነኝ። ሁለት ነገር።

ኤፍ-5ኤ ከኤፍ-5ኢ ብዙ ይወርሳል። አካሉ ይለያል፣ አየር ማስገቢያውም ጠበብ ይላል፣ ሞተሩም አነስ ያለ ጉልበት ነው ያለው። ኮክፒቱ ላይ ግን ግማሹን ሥራ ደግሜ መጠቀም እችላለሁ። አንድ ወር ተኩል ብትሰጡኝ ይበቃኛል። ካንቤራ በተቃራኒው ከባድ ነው። ብርቅ አውሮፕላን ስለሆነ የውስጥ ፎቶው እንደ ልብ አይገኝም። ከእንግሊዝ የገዛናቸው አራት ብቻ ነበሩ። አንድ ቢሮ ሄጄ የድሮ ፎቶ እንዳይ ጠይቄ «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ፤ ደብዳቤ ወስጄም መልስ የለም። በሌለ መረጃ ኮክፒት አልፈጥርም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳል፤ ለክንፉና ለሞተሩ ከ2,100 ሜትር በላይ እንዳለ አየር ይሆንበታል። ባለፈው ሳምንት ኤፍ-5ኢን በሙሉ ነዳጅና በቦምብ ጭኜ በቀትር ላስነሳው ሞከርኩ። ማኮብኮቢያው ሊያልቅ ሲል ነው የተነሳው። ከዚያ ወደ ደቡብ ስዞር የደንገጎ ተራራ ፊቴ ቆመ። ሁለቴ ተከሰከስኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያው አውሮፕላን፣ ያው ጭነት፣ ያለ ችግር ይነሳል። አብራሪ ድሬ ላይ ሰዓት ማየት አለበት። ይህን በሌላ ሲሙሌተር አላገኘሁትም።


የታይዋን ልጅ
ዓርብ ቀን 8:05

አቦ፣ ዳኮታን፣ የጭነቱን አውሮፕላን፣ የት ጣላችሁት? ሁሉም ጄት ጄት ይላል። ጥይቱንና እንጀራውን ማን አመጣው? ወላሂ ያለ ዳኮታ አላወርደውም።


የለገሃሬ ልጅ
ዓርብ ማታ 1:30

የታይዋን ልጅ ትክክል ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬ የባቡር ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። በጦርነቱ የጅቡቲ መስመር ተቆረጠ። አባቴ ያንን ጊዜ ሲያነሳ የሚለው «ጣቢያው ዝም አለ» ነው። ለእሱ ከመድፉ በላይ የሚያስፈራው ያ ዝምታ ነበር። ባቡር የሌለባት ድሬ ምን እንደምትሆን የሚያውቀው እዚህ ያደገ ሰው ነው። ዱቄቱ፣ ጋዙ፣ መድኃኒቱ ሁሉ በሐዲድ የለመደ ነው።

ስለዚህ የሚያርፍ የጭነት አውሮፕላን ሁሉ ትልቅ ነገር ነበር። እናቴ ያኔ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ቁስለኛ ይዞ የሚነሳና ያለ ቁስለኛ የሚነሳ አውሮፕላን በአነሳሱ ይለያል ትላለች። ቁስለኛ የያዘው ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። እኔ ይህን ከየትም አላነበብኩም። ከእሷ ነው የሰማሁት። ሲሙሌተራችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት በረራ ቢኖር ደስ ይለኛል። መተኮስ የሌለበት፣ ቁስለኛ ጭኖ ቢሾፍቱ ማድረስ ብቻ። መዞሪያውን ካጠበቅክ ተልዕኮው ይበላሽብሃል።


የድሮ ትጥቅ
ዓርብ ማታ 4:10

ልጆች፣ ልጄ ነው ይህን ጽሑፍ ያሳየኝ። ድሬ አየር ምድብ ውስጥ በትጥቅ ክፍል ሠርቻለሁ። ሥራዬ መሬት ላይ ነበር። ሰማዩን የማውቀው ከታች ነው።

ዝርዝራችሁ ውስጥ የጎደለብኝ አውሮፕላን አይደለም። መሬቱ ነው። እናንተ አውሮፕላኑ ተነስቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ያርፋል፣ ከዚያ ጨዋታው ያልቃል። እኛ ዘንድ ሥራ የሚጀምረው ሲያርፍ ነው።

ኤፍ-5 ሲያርፍ ከኋላው ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ፍጥነቱን የሚገታለት። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጥለዋል። እኛ ሮጠን እንሰበስበዋለን። የድሬን ዳርቻ ታውቁታላችሁ፣ ቁጥቋጦው ሁሉ እሾህ ነው። ነፋስ ካለ ጃንጥላው እዚያ ውስጥ ገብቶ ይያዛል። ጨርቁ እንዳይቀደድ እሾሁን አንድ በአንድ መንቀል ነው። ጣቴ ላይ እስከዛሬ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ እሾህ ነው። ያንን ጃንጥላ ደግሞ አጥፎ መልሶ መክተት አለ። በደንብ ካልታጠፈ አይከፈትም። ካልተከፈተ ጎማው ይነዳል፣ ፍሬኑ ይግላል።

ጥይቱ በዝናር ነው የሚገባው፣ አፍንጫው ላይ ያለውን ክዳን ከፍተህ። ቀትር ላይ ብረቱ ይጠብሳል። እጃችንን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ነበር የምንሠራው። ጨርቁ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ይደርቃል። ሌላ ሰው ባልዲ ይዞ አጠገብህ ይቆማል።

ሳቢያን ሞዴል ስለ ሙቀቱ ያልከው እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ረስተሃል። ኤፍ-5ኢ የፊት እግሩ ይረዝማል። ለመነሳት ሲዘጋጅ አብራሪው ያስረዝመዋል፤ አፍንጫው ቀና ይላል፣ አንገቱን እንዳቀና ግመል። ያኔ በአጭር መሬት ይነሳል። ኤፍ-5ኤ ላይ ስሠራ ይህን አላየሁም። አንተ በሙከራህ እግሩን አስረዝመኸው ነበር?

ነሐሴ 11 ቀን 1969 ጠላት ድሬ አፋፍ ላይ ደረሰ። ታንኩ ከምድቡ ሩቅ አልነበረም። አውሮፕላን ይነሳል፣ ይመታል፣ ያርፋል፣ እንሞላለታለን፣ ደግሞ ይነሳል። ጎማውን ሳያስገባ የሚዞር ሁሉ ይመስለን ነበር፣ ከመቅረቡ የተነሳ። ይህን በጨዋታችሁ ውስጥ ከሠራችሁት የመሬቱን ሰው አትርሱት።


ጆይስቲክ
ዓርብ ሌሊት 5:00

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ፊት እግሩ እኔም ረስቼው ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ በሲሙሌተር አብርሬዋለሁ፣ ድሬ ላይ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ዛሬ ነው የገባኝ። ጃንጥላው የሚወድቀው በየትኛው በኩል እንደነበር ቢነግሩን?


የድሮ ትጥቅ
ቅዳሜ ጠዋት 12:45

ልጄ፣ እኔ የድሬ ሰው ነኝ፣ አንቱታ አይመቸኝም። አንተ በለኝ። የሚወድቀው እንደ አመጣጡ ነው፤ ነፋሱ ነበር የሚወስነው። ብዙ ጊዜ አሸዋው በኩል።


ማርዳ
ቅዳሜ ጠዋት 3:30

ቤተሰቤ ሶማሌ ነው። ጅጅጋ ነው የተወለድኩት፣ ድሬ ነው ያደግኩት። አንዱ አጎቴ ያኔ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ነበር። ሌላው ሀርጌሳ ነበር። ሁለቱም ያንን ጦርነት አይተዋል። ይህን የምጽፈው ተጫዋቹ ሚግ ላይ አይቀመጥም ስለተባለ ነው።

ይቀመጥ። እባካችሁ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ከበረራው ልጀምር። ሚጎቹ ከሚነሱባት ከሀርጌሳ እስከ ድሬ በቀጥታ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት 16 ደቂቃ። ሚግ-21 ነዳጅ የሚበቃው አውሮፕላን አይደለም። 16 ደቂቃ መጥቶ፣ ተዋግቶ፣ 16 ደቂቃ መመለስ አለበት። የድሬው አብራሪ ግን ቤቱ በር ላይ ነው የሚዋጋው። ጅጅጋ ለእሱ ሰባት ደቂቃ ናት። ይህን ተጫዋቹ ከነዳጅ መለኪያው ላይ ካላየው፣ ኤፍ-5 ለምን የበላይነት እንዳገኘ ግማሹ ምክንያት ያመልጠዋል። የሚግ አብራሪው ዓይኑ ጠላትና ነዳጅ ላይ ነው። ቀድሞ የሚፈራው ነዳጁን ነው።

ሁለተኛው ሚግ-17 ነው። ሀርጌሳ ሄዶ የሚያውቅ ሰው መሐል ከተማው ሐውልት ላይ የተሰቀለውን አውሮፕላን አይቷል። እሱ ሚግ-17 ነው። እዚያ የተሰቀለው ስለ 1969 አይደለም። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን ሀርጌሳን በቦምብ መታ። አውሮፕላኖቹ ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሱ ነበር የሚደበድቧት። የሀርጌሳው አጎቴ ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ የሸሸው ያኔ ነው። ወንድሙ ጅጅጋ ተቀበለው። ያ አውሮፕላን ለቤተሰባችን ሁለት ጊዜ መጥቷል።

ስለዚህ ሚግ-17ን እንደ ኢላማ ብቻ አታድርጉት። በትክክል ሥሩት። አፍንጫው ሥር አንድ ባለ 37 እና ሁለት ባለ 23 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። ለ37ቱ 40 ጥይት ብቻ ነው ያለው። ውስጡ ሰው እንዳለ ተጫዋቹ ይወቅ።

የድሮ ትጥቅ፣ አዴር፣ የጻፍከውን ለአጎቴ አነበብኩለት። የጅጅጋው ነው። ሰላም በልልኝ አለ።


ጆይስቲክ
ቅዳሜ ቀን 5:15

ማርዳ፣ አሳመንከኝ። አንድ ተጨማሪ ምክንያት ልስጥህ።

ከኅዳር 1970 በኋላ የሶቪየት መሣሪያ ለኢትዮጵያ በገፍ መግባት ጀመረ። ከኩባ የመጡ አብራሪዎች ሚግ-17ና ሚግ-21 እዚህ ማብረር ጀመሩ። አሜሪካ የሰለጠነው የእኛ አብራሪ ያንኑ ሲወጋው የነበረውን ዓይነት አውሮፕላን ከጎኑ ሆኖ አየው ማለት ነው። ሚግ ባየህ ቁጥር መተኮስ ቀረ። ክንፉን ማየት አለብህ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ ላይ ነጭ ኮከብ? በዚያ ፍጥነት ይህንን ለመለየት ያለህ ጊዜ አንድ እስትንፋስ ነው። አንድ ሞዴል፣ ሁለት ቀለም። ለሳቢያን ሞዴልም ሥራው ይቀንስለታል።

ሌላው ራዳሩ ነው። ካራማራ ላይ ራዳር ነበረን። ከመሬት «ከምሥራቅ ሁለት እየመጡ ነው» የሚልህ ድምፅ ነበረ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ስትያዝ ያ ቦታም ሄደ። ጨዋታው ውስጥ እስከ መስከረም ድረስ ተጫዋቹ በሬዲዮ ይመራ። ከዚያ ሬዲዮው ዝም ይበል። በዓይኑ ብቻ ይፈልግ። ልዩነቱን ያኔ ይረዳዋል።

ደግሞ እባካችሁ፣ የተመታ አብራሪ ወዲያው በአዲስ አውሮፕላን አይመለስ። ለገሠ ተፈራ በኤፍ-5 ሚጎችን የጣሉ ጀግና ናቸው። ራሳቸው ሲወድቁ ግን 11 ዓመት ነው ሶማሊያ የታሰሩት። አንድ ቁልፍ ተጭኖ «እንደገና» ማለት ለእሳቸው አልነበረም።


ጀጎል
ቅዳሜ ቀን 7:00

ስለ ካራማራ ካነሳችሁ፣ እዚያው ተራራ ላይ ባለው መተላለፊያ፣ ማርዳ በር፣ ከዚያም በፊት ተዋግተውበታል። መጋቢት 1933 የእንግሊዝ ጦር ጣልያንን እየነዳ የመጣው በዚያው በር ነው። ሐረር በዚያው ወር ተያዘች። ድሬ መጋቢት 20 ቀን። ሐረር በተደበደበች በአምስት ዓመቷ፣ በዚያው ቀን። የዚያኔ ድሬ የጣልያን አየር ማረፊያ ነበረች፤ ሃሪኬን የሚባሉት የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች ይመቷት ነበር። ሃሪኬን አልጠይቅም፣ አቅማችሁን ሰምቻለሁ። የምለው ካርታችሁ ሦስት ጦርነት ይችላል። በር አትዝጉበት።


ሳቢያን ሞዴል
ቅዳሜ ቀን 9:20

ጋሼ፣ እግሩን አላስረዘምኩትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ኮዱ ውስጥ ጨመርኩት። በ35 ዲግሪ፣ በዚያው ጭነት ሞከርኩት። ማኮብኮቢያው ሳያልቅ ተነሳ። ደንገጎንም በግራ አልፌው ወጣሁ። በጣም ነው የማመሰግነው።

ስለ ፖቴዝ ደግሞ አሰብኩበት። መለኪያው ጥቂት ነው። ኮክፒቱ ክፍት ነው። ራዳር የለ፣ ሚሳይል የለ። በአንድ ወር ይወጣልኛል። ከባዱ የክንፎቹ ሽቦ ነው፣ እሱን እንደምንም እላለሁ። ሚ-6 ሄሊኮፕተርን ግን አትጠይቁኝ። ከተራራው ጀርባ ወታደርና ብረት ለበስ ያሻገረው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። የሄሊኮፕተር አበራር ኮድ እኔ አልችልም። በሰማይ ላይ ይታያል እንጂ አይነዳም።


የከዚራ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 1:45

ሁላችሁንም አነበብኩ። አራታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ሐሙስ ዕለት ዝርዝሩን ስጽፍ የመረጥኳቸው በስማቸው ነበር። አሁን በሌላ ዓይን መረጥናቸው። መጠየቂያችን አንድ ሆነ፦ እዚህ ላለ ሰው ያ አውሮፕላን ምን ነበር?

ኤፍ-5ኢ። ከነጃንጥላውና ከነሚረዝመው እግሩ።

ኤፍ-5ኤ። ከእሱ የሚወረስ፣ ለጀማሪ ተጫዋች።

ሚግ-21 ኤምኤፍ። ተጫዋቹ ይቀመጥበታል። ከሀርጌሳ ይነሳል፣ ስለዚህ ካርታውን ወደ ምሥራቅ እንዘረጋዋለን። ይህ ሦስት ወር ይጨምርብናል። ማርዳ፣ የሀርጌሳን አየር ማረፊያ ዙሪያ የሚያውቅ ዘመድ ካለህ እባክህ አገናኘኝ።

ሚግ-17። በሁለት ቀለም። እስከ ኅዳር አንዱ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም።

ዳኮታ። የለገሃሬ ልጅ ያልሽው የቁስለኛው በረራ የመጀመሪያው ተልዕኮ ይሆናል። ጨዋታውን የሚከፍት ሰው ከመተኮሱ በፊት ይህንን ያብርር። እናትሽ ካልከበዳት ስለ አነሳሱ አንድ ቀን ልትነግረን ትችላለች?

ስድስተኛው ላይ ተከራከርን። ሁለት ለሁለት ሆንን። ካንቤራ ወይስ ፖቴዝ። እኔ ለካንቤራ ነበርኩ፤ ከልጅነቴ የምወደው አውሮፕላን ነው። ለአያቴ የጀጎልን ጽሑፍ አነበብኩላት። እናቷ ሐረር ነበረች ለካ፣ በ1928። ነግራኝ አታውቅም። «የመጀመሪያዎቹን ማንም አልቆጠራቸውም» አለች። ስድስተኛው ፖቴዝ 25 ነው። ካንቤራ ይቆይ።

የድሮ ትጥቅ፣ ጋሼ፣ አንድ ልመና አለኝ። የመሬቱን ሥራ እንደ ራሱ ክፍል ልንሠራው እንፈልጋለን። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ተጫዋቹ ወርዶ ትጥቅ ክፍሉን ይሆናል። ጃንጥላ ይሰበስባል፣ ዝናር ይሞላል፣ ባልዲ ይይዛል። ቅደም ተከተሉን ግን አናውቀውም። መጀመሪያ ምን ይከፈታል? ማን የት ይቆማል?


የድሮ ትጥቅ
ቅዳሜ ማታ 3:00

በጽሑፍ አይሆንም። በእጅ ነው የማሳያችሁ። ነገ ከ9 ሰዓት በኋላ ልጄ ሳቢያን ያደርሰኛል። የኤፍ-5ኢውን አፍንጫ በትልቁ ስክሪን ላይ አዘጋጁልኝ፣ ክዳኑ የሚከፈትበትን በግራ በኩል። መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ጠረጴዛና አንድ ባልዲ ብቻ አቅርቡ።